ዋቢ

ከገብርኤል ወደ ሐይቅ፣ ሲወርዱ በስተቀኝ፣
ትናንትም ዛሬም ያው፣ ከወንበሬ ላይ ነኝ።
«ሲቪ እንጽፋለን»፣ ትላለች ሰሌዳዋ፣
«እን» ያለችው ለክብር ነው፣ አንድ ነኝ ጸሐፊዋ።
መተየብ ሠላሳ፣ ማተም አሥራ አምስት ብር፣
ለከፋው ደንበኛ፣ በነጻ ነው ምክር።

ይመጣሉ ልጆች፣
ዲግሪያቸው በፌስታል፣ ፌስታሉ በብብት፣
ሰኔ የተመረቁ፣ ሰኔን የደገሙት፣
ላባቸው አንገት ላይ፣ ከፓርኩ በር መጥተው፣
«ሲቪ ይዛችሁ ኑ» የሚል ቃል ሰምተው።

ስም እጠይቃለሁ። ስም ሁሉም ሰው አለው።
የትውልድ ዘመን፣ ስልክ፣ ይሄ ቀላል ነው።
«የሥራ ልምድ?» ስል ነው፣ ቤቱ ዝም የሚለው፣
ማራገቢያው ብቻ፣ እየዞረ ያለው።
ዓይን ይሸሻል ከዚያ፣ ወደ መንገድ ማዶ፣
«ተይው» ይላሉ፣ «ባዶ ነው፣ በቃ ባዶ።»
ማዶ ዛፉ ላይ አባ ኮዳ፣ አንገቱን በትከሻው ቀብሮ፣
ቁልቁል ሰው ይመረምራል፣
ልክ እንደ ቀጣሪ።

ሀሜሶ የሚባል፣ ከታቦር ሥር ያለ፣
ወንበር ጫፍ ተቀምጦ፣ «ምንም የለኝ» አለ።
ቀስ እያልኩ ስጎትት፣ ክሩ መጣ።
«ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል ነኝ።
የስድስት ጀልባ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ፣
ማን ስንት ዓሣ እንዳስረከበ፣ ማን ስንት እንደተበደረ።
ደብተር የለኝም፣ እዚህ ነው» ብሎ ግንባሩን ነካ።
«ተሳስተህ ታውቃለህ?»
«አንዴ። በአራት ቆረሶ። ከኪሴ ከፈልኩት።»

ይሄን የት ልጻፈው?
«የሒሳብ ሠራተኛ፣ አነስተኛ ድርጅት»
ብዬ ጀመርኩና፣ ውሸት መሰለኝ እውነት።
አጠፋሁት።
መልሼ ጻፍኩለት፦ «የስድስት ጀልባ ዓሣ፣
ያለ ደብተር ይይዛል፣ ቢያጎድል ይክሳል እንጂ አይረሳ።»

ከዚያ መጣች ያቺ፣ የመጨረሻ መስመር፣
«ዋቢ»፣ የሚያውቅህ ትልቅ ሰው፣ ሥራና ስልክ ቁጥር።
ትልቅ ሰው። አሰበ ሀሜሶ፣ አሰበ።
የጀልባው ባለቤት፣ ስልኩ ሐይቅ ገብቷል፣
ቀበሌ ያለው አጎት፣ ሰላምታ ትቷል።

እኔም እንደ ልማዴ
(ይሄን ለማንም አልነገርኩም፣ እናንተም አደራ)
የራሴን ስም ጻፍኩለት፣ ጸዳለ ብዬ፣ ከነቁጥሬ፣
«ኃላፊ» የሚል ሹመት፣ ለአንዲቷ ወንበሬ።
ስንት ሆኑ እስካሁን? አርባ ሰባት፣
በየቢሮው መሳቢያ፣ በስሜ የተኙ፣
ሰው አጥተው ሲዞሩ፣ እኔን ያገኙ።
ማንም ደውሎ አያውቅም። ዋቢን ማን ይጠይቃል?
ዋቢ እንደ ሸሚዝ የላይ ቁልፍ፣ መኖሩ ይበቃል።

ረቡዕ ለታ ግን፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቀትር ላይ፣
ስልኬ ጮኸ።
«ከፓርኩ ነው» አለች፣ ድምጿ የተተኮሰ፣
«ሀሜሶን ያውቁታል? ስንት ዓመት? በምን?»
ምላሴ ደረቀ።
እኔ የማውቀው ሃያ ደቂቃ ነው፣
የወንበር ጫፍ፣ አንድ ግንባር።
«አንድ ጊዜ ተሳስቷል» አልኳት፣ «በአራት ዓሣ።
ከኪሱ ከፈለ።»
ዝም አለች። ስትተይብ ይሰማኛል።
«ይሄ ለእሱ ነው ወይስ በእሱ ላይ?»
«እሱን እርስዎ ይፍረዱ፣
እኔ የማውቀው ይሄን ነው።»

ዘጋችው።
ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም፣ ሀሜሶም አልመጣ፣
ወይ ፓርኩ ውጦታል፣ ወይ መረብ ሊያወጣ።

ማታ መብራት ሲመጣ፣ የራሴን ከፈትኩት፣
«ጸዳለ አዲሱ የመጨረሻው ሁለት» ያልኩት።
ስም አለ። ትምህርት አለ። ልምድ፣
የሰው ልምድ ስጽፍ ሦስት ዓመት።
ከ«ዋቢ» ሥር ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም፣
ብልጭ፣ ድርግም ትላለች፣
በር ላይ ቆሞ አንኳኩቶ እንደሚጠብቅ እንግዳ።

«ሲቪ ይጻፋል?» አለች አንዲት ልጅ፣
ፌስታሏን በብብቷ ይዛ።
ዘጋሁት የኔን።
«ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳት፣
«ስም?»